የሄለንን ሃያ ዓመት አትንኩባት

ባለፈው ሳምንት የሥነ ጽሑፍ ክበባችን ባደረገው ስብሰባ አንድ ነገር በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ውሳኔው ትንሽ ነው፤ አንዲት ቃል ከአንድ ትርጉም ውስጥ ወጥታ በሌላ ቃል እንድትተካ ነው። ነገር ግን እኔ ከተሸናፊዎቹ ወገን ስለ ሆንኩና በስብሰባው ላይ የተሰጠኝ ጊዜ ሦስት ደቂቃ ብቻ ስለ ነበረ፥ የአዘጋጁ ፈቃድ ይሁንና የቀረውን እዚህ ልናገር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክበቡ ለዓመቱ መዝጊያ ከሚያቀርባቸው ንባቦች አንዱ ከሆሜር ኢሊያድ መጨረሻ የተወሰደ ነው፤ የሄክቶር ሬሳ ወደ ትሮይ ሲገባ ሚስቱ፥ እናቱና ሄለን በየተራ የሚያለቅሱት ልቅሶ። ሁለት ጓደኞቻችን ከእንግሊዝኛ መልሰውታል፤ ሥራቸውም የሚያስመሰግን ነው። የሚስቱን የአንድሮማኬን ልቅሶ ሲያነቡልን ከኋላ ያሉት ወሬኞች እንኳ ዝም ብለው ነበር። የሄለን ተራ ሲደርስ ግን አንደኛው ተርጓሚ ቆም አለና፥ «እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ነበረ፤ አስተካክለነዋል» አለ። ስሕተት ያለው፥ ሄለን ከሀገሯ ከወጣች ይህ ሃያኛ ዓመቷ መሆኑን መናገሯን ነው። ጦርነቱ የቆየው ዐሥር ዓመት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ «ሃያ» የሚለውን ሰርዘው «ዐሥር» አሉ። ምክንያታቸው ተመልካቹ እንዳይደናገር ነው። እጅ ሲቈጠር ዘጠኝ ለእርማቱ፥ አራት ተቃዋሚ፤ የቀሩት የእራት ሰዓት ደርሶ ሄደው ነበር።

እኔ ከአራቱ አንዱ ነኝ።

የተርጓሚዎቹን ችግር ግን አላቃልለውም። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ብዙ አዋቂዎችን ራስ ሲያዞር የኖረ ነው። እንዲያውም እነርሱ ያዩት አንዱን ጫፍ ብቻ ነው፤ ክሩን ቢስቡት ኖሮ ልብሱ በሙሉ ይተረተር ነበር።

ግጥሙን ላላነበበ ወዳጄ ባጭሩ ልንገረው። የትሮይ ንጉሥ የፕሪያም ልጅ ፓሪስ የስፓርታውን ንጉሥ የሜኔላዎስን ሚስት ሄለንን ይዞ ሄደ፤ የሜኔላዎስ ወንድም አጋሜምኖን የግሪክን ነገሥታት አስከትቶ ባሕር ተሻገረ፤ ትሮይ በዐሥረኛው ዓመት ወደቀች። ኢሊያድ 24 ክፍልና ከ15 ሺህ የሚበልጥ ስንኝ ስላለው፥ ይህን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር የሚተርክ ይመስላል። አይደለም። የሚይዘው ከዐሥረኛው ዓመት ሃምሳ ጥቂት ቀኖችን ብቻ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ውጊያ የሚነገርባቸው አራት ቀኖች ናቸው። የቀረው ወረርሽኝ፥ ኵርፊያ፥ እንጨት መልቀምና ሬሳ ማቃጠል ነው።

እነዚህ አራት ቀኖች ታዲያ ብዙ ጕድ አለባቸው። በሁለተኛው ክፍል አጋሜምኖን 9 ዓመት እንዳለፈና የመርከቦቹ እንጨት እንደ በሰበሰ ይናገራል። በሦስተኛው ክፍል ሽማግሌው ፕሪያም ከግንቡ ላይ ተቀምጦ፥ ያ ቁመናው የሚያምረው ሰው ማን ነው? ያኛውስ? እያለ ሄለንን ይጠይቃል፤ እርስዋም ይህ አጋሜምኖን ነው፥ ይህ ኦዲሴዩስ ነው እያለች ትነግረዋለች። ጠላቱ 9 ዓመት ከደጃፉ ተቀምጦ መልኩን አላወቀውም ማለት ነው። በሰባተኛው ክፍል ደግሞ ግሪኮች ለመርከቦቻቸው ምሽግ መሥራት በዐሥረኛው ዓመት ትዝ ይላቸዋል። ቱኪዲደስ ቀልድ የማያውቅ ታሪክ ጸሐፊ ነበርና ይህን ሊውጠው አልቻለም፤ ምሽጉ ገና እንደ ደረሱ የተሠራ መሆን አለበት ብሎ ጻፈ። ጦርነቱ ለምን ያን ያህል እንደ ረዘመም የራሱን ምክንያት ሰጠ፤ ስንቅ ስላጠራቸው ግማሾቹ በኬርሶኔስ እርሻ ሲያርሱ፥ ግማሾቹ ሲዘርፉ ነው አለ። ከዚያም የጳፍላጎንያው አለቃ ፒላይሜኔስ አለ፤ በአምስተኛው ክፍል ሜኔላዎስ ይገድለዋል፥ በዐሥራ ሦስተኛው ክፍል የልጁን ሬሳ እየተከተለ ያለቅሳል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ አንድ ለብቻው የሚያስቅ ነገር አለ። በመጀመሪያው ክፍል አኪሌስ ከአጋሜምኖን ጋር ተጣልቶ ለእናቱ ለቴቲስ ሲያለቅስ፥ እርስዋ ዜውስ ትናንት ወደ ኢትዮጵያውያን ለግብዣ ሄዷል፥ አማልክቱም ሁሉ ተከትለውት ሄደዋል፥ በ12ኛው ቀን ይመለሳል ትለዋለች። ነገር ግን በዚያው ዕለት፥ ጠቡ ሲነሣ፥ አቴና ከሰማይ ወርዳ የአኪሌስን ጠጕር ይዛ አስታግሳው ወደ ሌሎቹ አማልክት ወደ ኦሊምፖስ ተመልሳለች። እንግዲህ አማልክቱ በአንድ ቀን ኦሊምፖስም ላይ ነበሩ፥ ከእኛ ማዕድም ላይ ነበሩ። ሆሜር ኢትዮጵያውያን የሚላቸው በምድር ዳርቻ፥ በውቅያኖስ አጠገብ የሚኖሩትን ነውና ድግሱ ጎጃም ነበር ብዬ አልምልም። የሆነው ሆኖ የኢሊያድን ቀኖች የሚቈጥር ሰው ሁሉ 12ቱን ቀን የሚያገኘው ከዚህ ድግስ ነው። የኢትዮጵያውያኑ ንጉሥ ሜምኖንም ከሄክቶር ቀብር በኋላ ትሮይን ሊረዳ መጥቶ በአኪሌስ እጅ ይሞታል፤ ይህን የሚተርከው ግጥም ጠፍቶ የቀረን የዝርው ማሳጠሪያው ነው። የአኪሌስ ቍጣ፥ የሄክቶር ሞት፥ የአማዞኖቹ ንግሥት መምጣት፥ የሜምኖን መምጣት፥ የአኪሌስ ሞት፥ የአያክስ ራስን መግደል፥ የእንጨቱ ፈረስ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት! ያች ዓመት ጳጉሜን ስንት ቀን ነበራት?

እነዚህ ግን ቀላሎቹ ናቸው። ከባዱ የአኪሌስ ልጅ ነው።

አኪሌስ ከሞተ በኋላ ትሮይ ያለ ልጁ ያለ ኒዮፕቶሌሙስ እንደማትወድቅ ትንቢት ይነገራል። ኦዲሴዩስ ከስኪሮስ ደሴት ያመጣዋል፤ ልጁ ይዋጋል፥ ከፈረሱ ሆድ ውስጥ ይገባል፥ ሽማግሌውን ፕሪያምን የሚገድለውም እርሱ ነው። ስንት ዓመቱ ነው? አኪሌስ ወደ ጦርነቱ ሲሄድ ራሱ ጎረምሳ ነው፤ 15 ዓመቱ ነበር የሚሉ አሉ። ልጁን ስኪሮስ ላይ ወልዶ ወዲያው ቢዘምት፥ በዐሥረኛው ዓመት ኒዮፕቶሌሙስ የ10 ዓመት ልጅ ነው። በ10 ዓመቱ ከብት ይጠብቃል እንጂ ከተማ አያቃጥልም።

የጥንት ሰዎች ይህን አይተዋል። መፍትሔ ያገኙለትም በሌላ የጠፋ ግጥም በሚነገር ታሪክ ነው፤ ግሪኮች መጀመሪያ ሲነሡ መንገዱን ስተው ትሮይ መስሏቸው ሚስያ ላይ ወርደው ተዋጉ፤ ከዚያም ሲመለሱ ማዕበል በታተናቸው፤ አኪሌስን ወደ ስኪሮስ የጣለው ይህ ማዕበል ነው፥ የንጉሡንም ልጅ ያገባው ያን ጊዜ ነው። በአፖሎዶሩስ ስም የሚጠራው የተረት መጽሐፍ ሒሳቡን እንደ ገንዘብ ያዥ ይዘረዝረዋል። ሄለን ከተወሰደች በ2ኛው ዓመት ዘመቱ፤ ከሚስያ ከተመለሱ በኋላ እንደገና እስኪሰበሰቡ 8 ዓመት አለፈ፤ ትሮይን 10 ዓመት ከበቡ። ሁለትና ስምንት ዐሥር፥ ዐሥርና ዐሥር ሃያ። የሄለን ቃል እውነት ሆነ ማለት ነው! ኒዮፕቶሌሙስም በ3ኛው ዓመት ቢወለድ ትሮይ ስትወድቅ 17 ዓመቱ ነው፤ ጋሻ ይሸከማል።

እኔ ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት ሌሊት አልተኛሁም። ወረቀት ላይ ሰንጠረዥ አሰምሬ የሁሉንም ዕድሜ መሙላት ጀመርኩ። እስከ ስድስት ሰዓት ሁሉም ደኅና ሄደ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ኦዲሴዩስ መጣ።

ኦዲሴዩስ መዝመት አልፈልግም ብሎ እብድ መስሎ ነበር። ያጋለጡት ሕፃን ልጁን ቴሌማኮስን የሚገድሉ መስለው ነው፤ ይህም የሆነው በመጀመሪያው ክተት ጊዜ ነው ይላል ያው መጽሐፍ። እንግዲህ ቴሌማኮስ በ2ኛው ዓመት ሕፃን ነው፤ ትሮይ ስትወድቅ 18 ያህል ይሆነዋል፤ አባቱ 10 ዓመት በባሕር ተንከራትቶ ሲመለስ ደግሞ 28። በኦዲሴ ውስጥ የምናገኘው ቴሌማኮስ ግን ገና ጢሙ ያቀመቀመ፥ በአባቱ አዳራሽ ለመናገር የሚያፍር ልጅ ነው፤ አባቱም ከቤቱ ከወጣ በ20ኛው ዓመት እንደ ተመለሰ ግጥሙ ደጋግሞ ይናገራል። ለኒዮፕቶሌሙስ የተጨመሩት 8 ዓመቶች ከቴሌማኮስ ላይ ወደቁ። ይባስ ብሎ ውሻው አለ። አርጎስ የተባለው ውሻ፥ ኦዲሴዩስ ከመዝመቱ በፊት አሳድጎት ሳያድንበት የሄደው፥ በ20ኛው ዓመት ጌታውን ለይቶ ጅራቱን ነቅንቆ ይሞታል። ሃያ ዓመት ለውሻ ብዙ ነው፤ እሺ እንበል። ሃያ ስምንት ዓመት የኖረ ውሻ ያየ ካለ ግን እስኪ ይንገረኝ።

ኦዲሴዩስ በመካከሉ በነበሩት 8 ዓመቶች ወደ ቤቱ ተመልሷል፥ ሃያው የሚቈጠረው ከሁለተኛው ክተት ነው የሚል ጓደኛ አለኝ። ውሻው ይድናል፤ ቴሌማኮስ ግን አሁንም 28 ነው። እንግዲያው የእብደቱን ወሬ ወደ ሁለተኛው ክተት እናዛውረው ይላል። ይህን ካዛወርን ኦዲሴዩስ ለመጀመሪያው ክተት ያለ ክርክር ሄደ፥ ለሁለተኛው አበደ ማለት ነው። የሄለን ልጅ ሄርሚዮኔም አለች፤ እናቷ ስትሄድ 9 ዓመቷ ነበር ይባላል። በኦዲሴ አራተኛ ክፍል፥ ትሮይ ከወደቀች በ10ኛው ዓመት፥ ለኒዮፕቶሌሙስ ስትዳር እናያለን። በሃያው ሒሳብ ሙሽሪት 39 ዓመቷ ነው፥ ሙሽራው 27። ይህ እንዳይሆን አይከለከልም፤ ግን ያን ያህል የሚነገርላት የንጉሥ ልጅ ምን ስትጠብቅ ቆየች?

ይህን ሰንጠረዥ ያየ ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንደኛው፥ ተረት ነው፥ ምን አስቈጠረህ? የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። የግሪክ ሰዎች ይህን ጦርነት እንደ ታሪካቸው መጀመሪያ ይቈጥሩት ነበርና ዓመቱን መፈለጋቸው ዕብደት አልነበረም። ሄሮዶቱስ ጦርነቱ ከእርሱ ዘመን ከ800 ዓመት በፊት እንደ ሆነ ገመተ፤ የሳሞሱ ዱሪስ ትሮይን በ1334፥ የፓሮስ ደሴት የድንጋይ ጽሕፈት በ1209፥ ኤራቶስቴኔስ በ1184 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ወደቀች አሉ። ኤራቶስቴኔስ በእስክንድርያ የቤተ መጻሕፍቱ ሹም ነበረ፤ ከትሮይ መውደቅ 80፥ ከዚያ 60፥ ከዚያ 159፥ ከዚያ 108 እያለ በስፓርታ ነገሥታት ተራ ተመርኵዞ እስከ መጀመሪያው ኦሊምፒያ ቈጠረ። የእኛም ባሕረ ሐሳብ ሥሩ ከዚያችው ከእስክንድርያ ነውና፥ ዓመተ ዓለምን 5500 ብሎ የሚቈጥር ሕዝብ ልጅ በኤራቶስቴኔስ ሊስቅ አይገባውም። ሽሊማን በ1870 በፈረንጅ አቈጣጠር በቱርክ አገር ሂሳርሊክ ከተባለው ጕብታ ላይ መቈፈር ከጀመረ ወዲህም በላይ በላይ የተደራረቡ 9 የከተማ ዐፈሮች ተገኝተዋል፤ አንደኛው በ1180 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግድም የተቃጠለ ነው። ይህ ለኤራቶስቴኔስ በጣም ይቀርባል። የሽሊማን «የፕሪያም ወርቅ» ግን ከዚያ ከሺህ ዓመት በላይ የቀደመ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ሰው ክበባችን ነው፤ ካልተስማማ ይሰረዝ ይላል። የእኔ ጠብ ከዚህ ጋር ነው። ኤራቶስቴኔስ ቈጠረ እንጂ የሄለንን ቃል አልነካም። የአፖሎዶሩስ መጽሐፍ 8 ዓመት ጨመረ፤ የጨመረው ግን በራሱ ገጽ ላይ ነው። ከሁሉ ይልቅ አርስጣርኮስን ተመልከቱ። በሁለተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በእስክንድርያ የሆሜርን ጽሑፍ ያቃና ሰው ነው፤ ይህ ስንኝ የሆሜር አይመስለኝም ያለው ብዙ ነው። ያን ጊዜ የሚያደርገው ከስንኙ ጎን በኅዳጉ ላይ ትንሽ ሰረዝ ማስመር ነበር። ስንኙ ከቦታው አይነቃነቅም፤ አንባቢው ሰረዙንም ስንኙንም አይቶ ይፈርዳል። እኛ የምናነበው ኢሊያድ አርስጣርኮስ ያልወደዳቸው ስንኞች ያሉበት ኢሊያድ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? የአንድምታ መምህር ሁለት የማይስማሙ ፍቺዎች ሲያገኝ አንዱን ወደ እሳት አይጥልም። «አንድም» ብሎ ይቀጥላል። ንባቡ እንዳለ ይኖራል፥ ፍቺው ይደረደራል፥ ተማሪው ሁለቱንም ይዞ ይወጣል። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰዎች ከየኔታ ያነሰ ትዕግሥት ካለን የተማርነው ምንድን ነው?

ለሄለን ሃያ ዓመት እንግዲህ «አንድም» እንበል። የሚስያውን ስሕተትና ስምንቱን ዓመት ቈጥራ ነው። አንድም፥ ቍጥሩ የባለ ቅኔው ልማድ ነው፤ በኢሊያድ ወረርሽኙ ዘጠኝ ቀን ቆይቶ በዐሥረኛው ጉባኤ ይጠራል፥ ለሄክቶር ዘጠኝ ቀን እንጨት ተለቅሞ በዐሥረኛው ይቃጠላል፥ ጦርነቱ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በዐሥረኛው ይፈጸማል፤ ከዐሥር የበለጠ ሲያስፈልግ ሃያ ነው። ሄለን የምትለው ስንኝ በኦዲሴ ውስጥም ከጥቂት ቃል በቀር እንዳለ አለ፤ እዚያ ሃያው የኦዲሴዩስ ነው፥ በሒሳቡም ልክ ይገባል። እንግዲህ የልቅሶ ወይም የናፍቆት ልማደኛ ስንኝ ይሆናል።

ሦስተኛው «አንድም» የእኔ ነው፤ እርሱን ያስተማረችኝ አያቴ ናት። የእናቴ ታናሽ ወንድም በ1988 ዓ.ም. የቀን ሥራ ሊሠራ ከቤት ወጥቶ ከተማ ገባ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ ከዚያው ከከተማ ዘመተ፤ ወረቀቱ የወደቀው በ1992 ዓ.ም. ነው ይላል። የሰባት ዓመት ተዝካሩ በወጣ ዕለት እንግዶች አያቴን ስንት ዓመት ሆነው? ብለው ጠየቋት፤ «ዐሥራ አንድ» አለች። አባቴ ሰው እንዳይደናገር ብሎ፥ «እማማ፥ ሰባት ነው እንጂ፤ የሰባት ዓመቱን አይደል የምናወጣው?» አላት። ያን ጊዜ እኔ ከጓዳው በር ላይ የቆምኩ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ የመለሰችለትን እናቴ እስከ ዛሬ ስለምታነሣው አልጠፋኝም። «የወረቀቱን ለወረቀቱ ተዉለት። እኔ የምቈጥረው በሩን ከዘጋበት ነው» አለችው። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሒሳቡም ልክ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን በዚያ ቀን አያቴ ስለ ልጇ አልተናገረችም።

ሄለንም የምትናገረው ልቅሶ ላይ ነው። ከሬሳው አጠገብ ቆማለች፤ በዚያ ከተማ ውስጥ ክፉ ቃል ተናግሯት የማያውቀው ሰው ሞቷል፥ የቀሩት ሁሉ ሲያዩዋት ይጸየፏታል። አጋሜምኖን የሚቈጥረው መርከቡን ካሳረፈበት ነው። እርስዋ የምትቈጥረው ከቤቷ ከወጣችበት ነው። በዚህም ሒሳቡ ይሞላል አልልም፤ ከስፓርታ መውጣትና ከትሮይ መከበብ መካከል ዐሥር ዓመት የሚሆን ነገር ኢሊያድ አይነግረንም። ነገር ግን «ዐሥር» ብላችሁ ስትጽፉ ቃሏን ወስዳችሁ የአጋሜምኖንን ቃል አፏ ውስጥ አገባችሁ።

ተመልካቹ ይደናገራል የሚለው ምክንያት ለእኔ ምክንያት አይመስለኝም። ተመልካቹ ማን ነው? ሰዓቱ ከፈረንጅ ሰዓት 6፥ ዓመቱ ከፈረንጅ ዓመት 7 ወይም 8 እየተለያየ ቀጠሮውን የማይስት ሕዝብ ነው። ደግሞም አንድ ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ ለጓደኛው «ሃያ አለች እኮ፥ ለምን?» ቢለው ንባባችን ከሰኔ በኋላም አንድ ቀን ኖረ ማለት ነው።

ስለዚህ ክበቡ ነገሩን በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ እንዲያየው እለምናለሁ፤ ስብሰባውም ከእራት በኋላ ቢሆን ይሻላል። «ሃያ» ወደ ቦታው ይመለስ፤ ከተፈለገ በሚታደለው ወረቀት ግርጌ ሁለት መስመር ማብራሪያ ይጨመርበት፤ እኔ ራሴ እጽፈዋለሁ። ሰንጠረዡን ከመኝታ ቤታችን በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ቴሌማኮስን ከሃያ ሁለትና ሦስት ሳያሳልፍ፥ ውሻውንም ሳይገድል፥ ኒዮፕቶሌሙስን ለጋሻ የሚያደርስ ካለ በእርሳስ ይጻፍበት፤ በቀለም ግን አይሁን።